ከታላቆቹ በላይ መቆም ያፈረው ጎማ

ተረት ጫንኩ! «አራግፍልን» በሉኝ እንጂ። ዝም ካላችሁኝ እንደጫንኩት ይዤው እሄዳለሁ። እንዲህ ነው፣ ጎበዞች። ከበሩ አጠገብ ያላችሁም ጠጋ ጠጋ በሉ፤ እኔ መጮህ አልወድም።

እንስሳት መንጃ ፈቃድ በነበራቸው፣ ጎማም አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ደጋ አገር አያ ጉሬዛ የሚባል ሾፌር ነበር። ጉሬዛን ታውቁታላችሁ፤ ያ በጥቁር ገላው ላይ ነጭ ካባ የደረበው፣ ዛፍ ላይ ሲቀመጥ ዳኛ የሚመስለው ነው። ይሄኛው ግን ዳኝነት የሚሆንለት አልነበረም። ሆደ ቡቡ ነው። ጉንዳን መንገድ ስትሻገር ቆሞ ያሳልፋል፣ ከኋላው ያለው ጡሩንባ ቢነፋበትም ይቅርታ ብሎ ቆሞ ያሳልፋል።

አያ ጉሬዛ አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችው። ቅዳሜ ቅዳሜ የደጋውን ሰው፣ ማለቴ የደጋውን እንስሳ፣ ጭኖ ወደ ቆላ ገበያ ይወርዳል። መንገዱ «ሰባት ዙር» ነው የሚባለው። አንድ ብሎ ይጠመዘዛል፣ ሁለት ብሎ ይጠመዘዛል፣ እስከ ሰባት እንደዚያው ነው። በአንድ በኩል ተራራ፣ በአንድ በኩል ገደል። ሰባት ዙርን ለመውረድ ደግሞ ሞተር ብቻ አይበቃም፤ ጎማ ያስፈልጋል።

መኪናዋ አራት ጎማ ነበራት። አራቱም በአንድ ቀን ተገዝተው በአንድ ቀን የታሰሩ ወንድማማቾች ናቸው። ከፊት ዳምጤና ታገሥ፣ ከኋላ በግራ አሻግሬ፣ ከኋላ በቀኝ ገስጋሴ። ስድስት ዓመት አብረው ዞረዋል። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ይጠራራሉ።

«ዳምጤ፣ አለህ?»

«አለሁ!»

«ታገሥ፣ አለህ?»

«አለሁ!»

«አሻግሬ? ገስጋሴ?»

«አለን! አለን!»

ከዚያ በኋላ ነው መኪናዋ የምትንቀሳቀሰው።

ከመኪናዋ ሆድ ሥር ደግሞ እሜቴ ዲፈረንሻል ይኖራሉ። ሥራቸው ሞተሩ የላከውን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች፣ ለቀኙም ለግራውም፣ እያካፈሉ መስጠት ነው። ዘይት ውስጥ ተነክረው የሚኖሩ ሴትዮ ናቸው። ማማረር ይወዳሉ፤ ሲያማርሩ ግን ያለምክንያት አይደለም፣ ይሄን ያዙልኝ።

አንድ ቅዳሜ መኪናዋ ሦስተኛውን ዙር ስትጠመዘዝ፣ ዝናብ ከተራራው ያወረደው ስለታም ድንጋይ መንገዱ ላይ ተጋድሞ ነበር። ሦስቱ ጎማዎች አለፉት። ገስጋሴ አላለፈውም። ድንጋዩ ጎኑን ሸረከተውና ያ ሁሉ የስድስት ዓመት ትንፋሽ በአንድ ጊዜ ወጣ።

ወሰዱት ወደ አያ ጃርት።

አያ ጃርት የአገሩ ጎሚስታ ነበር። አዎ፣ ጃርት! ሳቁ፣ ሳቁ። ያ ሁሉ እሾህ ጀርባው ላይ ተተክሎ ጎማ ይጠግናል። ሰፈርተኛው «ጠዋት ራሱ ይበሳል፣ ከሰዓት ራሱ ይለጥፋል» እያለ ያማው ነበር። ውሸት ነው። እንደሱ ያለ እጀ ቀና ጎሚስታ በሰባት ወረዳ አልነበረም።

አያ ጃርት ገስጋሴን አገላበጠው። በጆሮው አዳመጠው። በምራቁ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«አያ ጉሬዛ፣ የተቀደደው መሬት የሚረግጠው በኩል ቢሆን ኖሮ እለጥፍልህ ነበር። ጎን ግን አይለጠፍም። ጎን ሲሄድ እየታጠፈ እየተዘረጋ ነው የሚሄደው፣ ልጣፌን ይተፋዋል። ይሄ ጎማ ከእንግዲህ አይሄድም።»

ሦስቱ ወንድሞች አለቀሱ። ጎማ ሲያለቅስ አይታችሁ ላታውቁ ትችላላችሁ፤ በመንፊያው ቀዳዳ ነው የሚያለቅሰው። ገስጋሴ ግን ተዝናንቶ ነበር።

«አታልቅሱ» አላቸው። «እኔ ደህና ዞሬያለሁ።» የሸክላ ሠሪዋ አህያ በዚያ ስታልፍ አይታው ኖሮ ለገብስ መመገቢያዬ ይሆናል ብላ ይዛው ሄደች። የገስጋሴ ነገር በዚሁ አበቃ፤ መልካም ዕድሜ ነበረው፣ በቃ።

አሁን ጥያቄው መጣ። አንድ ጎማ ይቀየር ወይስ አራቱም?

አያ ጃርት ከጀርባው አንዲት እሾህ ነቀለ። የጃርት እሾህ ጫፏ ነጭ ነው፣ ከነጩ ቀጥሎ ጥቁር ነው።

«እይ እንግዲህ» አለ። «ይቺን በጎማው ጥርስና ጥርስ መካከል እሰካታለሁ። ነጩ ገብቶ ከተደበቀ ጎማው ጎልማሳ ነው። ነጩ ውጭ ከቀረ ጥርሱ አልቋል ማለት ነው፣ ጭቃና ቁልቁለት አይይዝም። የቀሩት ሦስቱ ጎልማሶች ከሆኑ አንዱን ብቻ ቀይርና ሂድ። አጋማሽ ላይ ከሆኑ ጥንዱን ቀይር፣ የኋላውን ቀኝና ግራ አንድ ላይ፣ ቁመታቸው እኩል እንዲሆን። ካለቁ ደግሞ አራቱንም ነው። የትኛው እንደሆነ የማውቀው ግን ስለካቸው ነው።»

«አራቱንም» የሚለውን ሲሰሙ ሦስቱ ወንድሞች ደነገጡ። ስድስት ዓመት ከኖሩባት መኪና ሊወርዱ? በዚህ ዕድሜያቸው?

«አያ ጉሬዛ፣ እኛ እኮ ገና ነን!» አለ ዳምጤ።

«ገና ነን!» አለ ታገሥ።

አሻግሬ ደግሞ ያለቀውን ጎኑን ቀስ ብሎ ወደ መሬት አዞረና ደህና የሚመስለውን ወደ ላይ አወጣ።

አያ ጃርት እሾኋን ይዞ ወደ አሻግሬ ጠጋ ሲል አያ ጉሬዛ መሃል ገባ። ዓይኑ እንባ አዝሏል።

«እነዚህን? ከጭቃ ያወጡኝን? ክረምትና በጋ ያመላለሱኝን በእሾህ ልትለካቸው? ተው እንጂ አያ ጃርት! እኔ አውቃቸው የለ። ወንድማቸውን ባጡበት ቀን እናንተም ውረዱ ልበላቸው? በአንድ ቀን አራት ጊዜ ለቅሶ አልቀመጥም።»

«እኔ ልለካ አልኩ እንጂ ልጣላቸው አላልኩም» አለ አያ ጃርት።

«አትለካም። አንድ ብቻ ግጠምልኝ።»

ልብ በሉ፤ አያ ጉሬዛ ቆንቋና ሆኖ አይደለም። ወዶ ነው። እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር ይሆናል፤ እናንተም። አያ ጃርት ግን እሾኋን መልሶ ጀርባው ላይ ሰካና ክሪኩን አነሳ።

አዲሱ ጎማ መጣ። ገና ከመደርደሪያ የወረደ፣ ጥርሱ ጥልቅ፣ ጉንጩ ሙሉ፣ ሽታው ገና የሱቅ። ሲያዩት ደስ አላቸው። ሦስቱም በአንድ ድምፅ «ድንቡሼ!» አሉት፤ ስሙ በዚያው ቀረ።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ የኔ ልጅ» አለ ዳምጤ።

«ቤትህ ነው፣ እንግድነት አይሰማህ» አለ ታገሥ።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ ጋሼ» አለ ድንቡሼ፣ ለሦስቱም ለየብቻ። ወይ አስተዳደግ!

አንድ ነገር ብቻ ነበር። ድንቡሼ ከታላቆቹ በሁለት ጣት ይረዝማል። የሚረዝመው ጥጋብ ኖሮት አይደለም፣ ጥርሱ ስላላለቀ ነው። እነሱም እንደሱ ሳሉ እንደዚያው ነበሩ።

አያ ጉሬዛ ሞተሩን አስነሳ። መኪናዋ በግራ ወገቧ ዘንበል አለች። ጥቂት እንደሄዱ ከሆዷ ሥር ጩኸት ተሰማ።

«ወገቤን! ኧረ ወገቤን!» አሉ እሜቴ ዲፈረንሻል። «አሻግሬ አሥር ሲዞር ይሄ ልጅ ዘጠኝ ተኩል ይዞራል! ግማሿን የት ልክተታት? ስድስት ዓመት እኩል ሳካፍል ኖሬ፣ በስተርጅና ሒሳብ ልማር?»

አሻግሬ ሳቀ። «ምን ይደረግ እሜቴ፣ ይሄ ልጅ እኮ ከላይ ሆኖ ነው የሚያየን!»

ክፋት አልነበረውም። ቀልድ ነው። ግን ድንቡሼን ጭው አደረገው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በአገራችን ታናሽ ታላቁ ቆሞ ሳለ አይቀመጥም፣ ታላቁ ጎንበስ ብሎ ሳለም ቀጥ ብሎ አይገተርም። ድንቡሼ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ከአሮጌ ጎማዎች ሥር ያደገ ጨዋ ልጅ ነው። «እኔ ማን ሆኜ ነው ከነሱ በላይ የቆምኩት?» ብሎ አፈረ።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ማንም ሳያየው፣ መንፊያውን ከፈት አደረገና አንዲት ትንፋሽ ለቀቀ። ፊስ!

አንድ ጣት አጠረ።

«ዛሬስ ወገቤ ቀለል አለኝ» አሉ እሜቴ።

«ልጁ እየለመደ ነው» አለ ዳምጤ።

«ጨዋ ልጅ!» አለ ታገሥ። ድንቡሼም ደስ አለው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሁለት ትንፋሽ ለቀቀ። ፊስ! ፊስ!

አሁን ከአሻግሬ እኩል ሆነ። መኪናዋ ተስተካከለች። እሜቴ ዲፈረንሻል ዝም አሉ። እሜቴ ዝም ያሉበት ቀን ከዚያ በፊት አልነበረም፤ አያ ጉሬዛ ደስ ብሎት እያንጎራጎረ ወረደ። ድንቡሼ ግን ታመመ። አየሩ ያነሰው ጎማ ጎኑ ይላላል፤ ሲሄድ ይታጠፋል ይዘረጋል፣ ይታጠፋል ይዘረጋል፣ ከዚያ እንደ ምጣድ ይግላል። ሲወርዱ ጎኑ ጋለ። ሲወጡም የተቃጠለ ነገር መሽተት ጀመረ።

አሻግሬ ሽታው ደረሰው። «ድንቡሼ፣ አሞሃል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ ጋሼ።»

«ጋልክ እኮ።»

«ፀሐዩ ነው ጋሼ።»

ያን ቀን ፀሐይ አልነበረም። አሻግሬም ፀሐይ እንዳልነበረ ያውቃል። ግን ዝም አለ። ለምን ዝም አለ? ልጁ እኩል ሲሆንለት ተመችቶታላ! እሱም ያላለቀ፣ እሱም ገና የሆነ መስሎታላ! ዳምጤም ሸተተው፣ ዝም አለ። ታገሥም ሸተተው፣ ዝም አለ። ሦስት የሚወዱት ሽማግሌዎች ከበውት፣ አንድም አጥብቆ የጠየቀ ጠፋ።

አያ ጉሬዛስ? አያ ጉሬዛማ ጠዋት ጠዋት እንደ ሾፌር ልማዱ ጎማዎቹን በእግሩ ይመታል። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ተራው ድንቡሼ ጋ ሲደርስ ልጁ ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ ራሱን ያጠነክራል። ዱብ! «ጎበዝ!» ይለዋል አያ ጉሬዛ። ከዚያ ይሄዳል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ዝናብ ዘነበ።

ገበያተኛው ተሳፈረ። እመት ቆቅ አሥራ ሁለት ጫጩቶቿን ይዛ ወጣች፤ ገበያ አይተው አያውቁም፣ ለማሳየት ነው። አያ ጃርትም ቆላ ሥራ ነበረውና ከኋላ ወንበር ተቀመጠ፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ስለሌለ ሁልጊዜ ሰፊ ቦታ ነው የሚያገኘው። ሌሎችም ነበሩ፣ ስማቸው ለዚህ ተረት አያስፈልገንም።

ድንቡሼ ጭነቱን አየ። ጭነት ሲበዛ አሮጌዎቹ ዝቅ ይላሉ፤ እሱ ዳግመኛ ከፍ ብሎ ሊታይ ነው። ሦስት ትንፋሽ ለቀቀ። ፊስ! ፊስ! ፊስ!

አንደኛውን ዙር ወረዱ። ሁለተኛውን ወረዱ። ሦስተኛውን ወረዱ። አራተኛው ዙር ላይ መንገዱ ጭቃ ለብሶ ነበር።

አያ ጉሬዛ መሪውን ጠመዘዘ። መኪናዋ አልጠመዘዝ አለች።

«ያዝ ዳምጤ!» ብሎ ጮኸ።

«በምን ጥርሴ ልያዝ!» አለ ዳምጤ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገረ።

«ታገሥ፣ ያዝ!»

«እኔም የለኝም!» አለ ታገሥ።

ከፊት ሁለቱ ተንሸራተቱ። ከኋላ ድንቡሼ ሊይዝ ሞከረ፤ ጥርስ ነበረው፣ ጥልቅ ጥርስ ነበረው፣ ግን ያን ጥርስ መሬት ላይ አጥብቆ የሚተክልበት ትንፋሽ አልነበረውም። ጎኑ ታጠፈ። የብረት ቸርኬው መሬቱን ነካ፣ ኳኳኳ አለ፣ የመኪናዋ ጀርባ ወደ ገደሉ ዞረ።

«ልጁን!» አለ አሻግሬ። «ልጁ ገደል ሊገባብን ነው!»

አሻግሬ በተራራው በኩል ነበር። መላጣ ነው፣ የሚይዝበት የለውም። ከመንገዱ ዳር የወጣ የዛፍ ሥር አየና ጎኑን እንዳለ ሰጠው። ሥሩ ገላውን ቧጠጠው፣ አሻግሬ አልለቀቀም። መኪናዋ ተንገጫገጨች። ቆመች። ድንቡሼ ግማሽ ገላው መሬት ላይ፣ ግማሽ ገላው አየር ላይ ሆኖ ቀረ።

ተሳፋሪው ሁሉ በተራራው በኩል አንድ በአንድ ወረደ። እመት ቆቅ ጫጩቶቿን ቆጠረች። አሥራ አንድ። እንደገና ቆጠረች። አሥራ አንድ! እሪታዋን ልታቀልጠው አፏን ስትከፍት፣ ከአያ ጃርት እሾህ መካከል «ጭው» የሚል ድምፅ ተሰማ። ትንሿ ጫጩት እዚያ ተሸጉጣለች። «ከዚህ የተሻለ መያዣ አላገኘሁም» አለች። ተመስገን ነው።

ከዚያ ሁሉም ገመድ ይዞ፣ አንድ ላይ ስቦ፣ መኪናዋን ወደ መሃል መንገድ መለሳት።

አያ ጃርት እንደ ሥራ ልማዱ በቀጥታ ወደ ድንቡሼ ሄደ። ጎኑን ነካ። አቃጠለው። ጆሮውን ወደ መንፊያው አስጠጋ።

«ይሄ ልጅ አልተበሳም» አለ። «ማነው ትንፋሽህን የወሰደብህ?»

ድንቡሼ መንፊያውን ከጆሮው ሊያሸሽ ሞከረ።

«ልጄ፣ እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ለኔ አይደበቅም።»

«ራሴ ነኝ» አለ ድንቡሼ። «ከጋሼዎቼ በላይ መቆም አፍሬ ነው። መጀመሪያ አንድ ለቀቅኩ። ደስ አላቸው። ሁለት ለቀቅኩ። እሜቴም ደስ አላቸው። ዛሬ ሦስት ለቀቅኩ።»

ዝናቡ ቆሞ ነበር።  ከመኪናዋ ሆድ ሥር አንዲት ድምፅ መጣች። «ወገቤ ተሻለኝ ብዬ ዝም ያልኩት በልጁ ጤና ኖሯል? ወየው ለኔ!»

ሦስቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። መጀመሪያ የተናገረው አሻግሬ ነው። ጎኑ ተልጧል፣ ድምፁ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«እኔ ሸቶኝ ነበር» አለ። «ባለፈው ቅዳሜ። ፀሐይ ነው ሲለኝ ፀሐይ እንዳልነበር አውቃለሁ። እኩያዬ ሲሆን ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ። አያ ጃርት፣ ያቺን እሾህህን አምጣት። ለካኝ።»

አያ ጃርት እሾኋን ነቀለ። በአሻግሬ ጥርሶች መካከል ሰካት። ጥቁሩ ውጭ ነው፤ ነጩም ውጭ ነው። የነጩ ጫፍ ብቻ ነው የገባው።

«እኔንም ለካኝ» አለ ዳምጤ። ነጩ ውጭ ነው።

«እኔንም ለካኝ» አለ ታገሥ። ነጩ ውጭ ነው።

አያ ጉሬዛ ካባውን ወደ ዓይኑ ወሰደ። «ግድ የለም፣ አሻግሬን ብቻ እንቀይር። ከድንቡሼ ጋር ጥንድ ነው፣ እሱን ብቻ። ዳምጤና ታገሥ ይቆዩልኝ። እባካችሁ ሁለቱ እንኳ ይቆዩልኝ!»

«አያ ጉሬዛ» አለ ታገሥ ቀስ ብሎ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሾፌሩን ሲቃወመው ይሄ የመጀመሪያው ነው። «ያዝ ስትለኝ መያዝ አልቻልኩም። እኔን እንዳላጣ ብለህ ያቺን ጫጩት ልታጣት ነው?»

አያ ጉሬዛ ጫጩቷን አየ። ከዚያ ሦስቱን አየ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመስለውን ዳኛ ሆነ።

«እሺ» አለ። «ሦስቱም ይቀየሩ፤ አራቱም አንድ ይሁኑ።»

አያ ጃርት የእጅ መንፊያውን አውጥቶ ድንቡሼን ሊነፋው ጎንበስ አለ። መጀመሪያ ግን ጎኑን በጣቱ ፈተሸው፤ ሞቋል እንጂ አልተሰነጠቀም። «አንድ ቅዳሜ ብትዘገዩ ኖሮ ይሄንንም አብሬ ነበር የምጥለው» አለ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ ይንፉኝ» አለ ድንቡሼ። «ከነሱ እኩል እስክሆን።»

«አይሆንም!» አለ አሻግሬ። «ሙሉ አድርገህ ንፋው። ሙሉ ሆኖ ልየው። እስከ ዛሬ እኮ ልጁን አይቼው አላውቅም።»

አያ ጃርት ነፋ። ድንቡሼ ተነሳ። አንድ ጣት ተነሳ፣ ሁለት ጣት ተነሳ፣ ጉንጩ ሞላ፣ ጥርሱ መሬቱን ነከሰ። ከታላቆቹ በላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው አዩት። ሦስቱም አለቀሱ፣ ከደስታ ነው።

«ቁልቁለትህ ይለዝብ» ብሎ መረቀው ዳምጤ።

«አሜን» አለ ድንቡሼ።

«ጭነትህ ይቅለል» ብሎ መረቀው ታገሥ።

«አሜን።»

«እሾህ አይንካህ» ብሎ መረቀው አሻግሬ። ከዚያ አያ ጃርትን ገልመጥ አድርጎ «የዚህን ሰውዬ ሳይጨምር» አለ። በእንባቸው መሃል ሳቁ።

መኪናዋ ባዶዋን፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ እያለች ወደ አያ ጃርት ቤት ተመለሰች። አሻግሬ ወረደ። ዳምጤ ወረደ። ታገሥ ወረደ። በምትካቸው ሦስት አዳዲስ ወጣቶች ገቡ፣ ቁመታቸው ከድንቡሼ እኩል ነው። ሦስት ቅዳሜ የዞረው ዙር ከጥርሱ የወሰደው ነገር ስላልነበረ አያ ጃርት ለክቶ «እኩያሞች ናቸው» አለ። እሜቴ ዲፈረንሻል አሥርን ለአሥር ማካፈል ጀመሩ፤ አሁን የሚያማርሩት ስለ ዘይቱ ነው።

«እናንተስ?» ብሎ ጠየቃቸው አያ ጉሬዛ ሦስቱን። «ወዴት ልውሰዳችሁ? የፈለጋችሁትን ንገሩኝ።»

ተያዩ። ጥቂት ተንሾካሾኩ። ከዚያ አሻግሬ «አራተኛው ዙር ላይ ትከለን» አለ።

ተከላቸው። በገደሉ ጠርዝ፣ በተርታ፣ ግማሽ ገላቸውን መሬት ውስጥ ቀብሮ፣ የወጣውን ግማሽ ኖራ ቀባው። ከሩቅ ነጭ ሆነው ይታያሉ። የሚወርድ ሾፌር ሁሉ ሲያያቸው ፍሬን ይረግጣል። ከዚያ ወዲህ በአራተኛው ዙር የወደቀ የለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የአያ ጉሬዛ መኪና ሞልታ ወረደች። ድንቡሼ አራተኛው ዙር ላይ ሲደርስ ሦስቱ ጋሼዎቹ ከመሬት ግማሽ ሆነው ተደርድረው አያቸው። እነሱ እዚያ ታች፣ እሱ እዚህ ላይ! ልቡ ቀለጠ፣ እጅ ሊነሳ መንፊያውን ከፈት አደረገ። ፊ...

«ቀና በል!» ብሎ ጮኸ አሻግሬ ከኖራው ውስጥ። «ቀና በል ልጄ፣ ጫጩቶች ጭነሃል!»

ድንቡሼ መንፊያውን ዘጋ። ቀጥ ብሎ፣ ሙሉ ሆኖ፣ በሦስቱ ፊት አለፈ። ሦስቱም እስኪሰወር ድረስ ተከትለው አዩት።

እንግዲህ ምክሩ ይሄ ነው፣ ጎበዞች፦ የምትወዱት ልጅ ከእናንተ በላይ ሲቆም ደስ ይበላችሁ እንጂ እኩል እንዲሆንላችሁ ትንፋሹን አታስለቅቁት፤ ልካችሁን የምትነግር እሾህ ስትመጣም አትሽሿት።

ተረቴ ፌርማታዋ ደረሰች። ወራጅ አለ!